ያውቁ ኖሯል? ኖርዌይን «ሐሰት» የሚያደርጋት ፋይል

ፕሮግራመሮች የሶፍትዌር ቅንብር የሚጽፉበት ያምል የተባለው የፋይል ዓይነት ጽሑፍን ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይቀበላል። ምቾቱ ግን ጣጣ አለው። የአገሮችን ባለሁለት ፊደል መለያ ሲደረድሩ ለኖርዌይ ኤን እና ኦ ብለው ቢጽፉ፣ በያምል 1.1 ደንብ የሚሠራ አንባቢ ፕሮግራም «አይደለም» የተባለ መስሎት አገሪቱን ወደ «ሐሰት» ይለውጣታል። የፕሮግራም ቋንቋው የፓይተን ስሪት 3.10 ደግሞ እንደ ተራ ቁጥር ተነቦ 3.1 ይሆናል፤ ዜሮዋ የት እንደገባች የሚነግርዎት የለም። ይባስ ብሎ 22:22 የሚል ሰዓት የመጀመሪያው 22 በ60 ተባዝቶ፣ ሁለተኛው ተደምሮበት 1342 ሆኖ ቁጭ ይላል! እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው 1.2 ደንብ የኖርዌይንና የሰዓቱን ነገር አስተካክሏል። በፓይተን የሚዘወተረው ፓይያምል የተባለው አንባቢ ግን ዛሬም የሚከተለው አሮጌውን ነው። ስለዚህ ያጠራጠረዎትን ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት፤ የመስመሩን መነሻ ወደ ውስጥ ለማስገባትም ታብ ሳይሆን ስፔስ ይጠቀሙ።