የአያት ዋሽንት፣ የልጅ ጣት

አባቴ ከጎጃም ሲመጣ ይዞት የመጣው የእንጨት ዋሽንት ለዓመታት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከእሱ የቀረን ዕቃ ያ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት የአሥር ዓመት ልጄ አውርዶት የታችኛውን ቀዳዳ በቢላ ሲያሰፋ ደረስኩበት። ጮህኩበት። «እማዬ፣ ጣቴ አልደርስ ስላለኝ ነው» ብሎ አለቀሰ።

በማግሥቱ ልጄንም ዋሽንቱንም ይዤ ዋሽንት ከሚሠሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን አዩት። «ይኼ ልፋት ያለበት ነው» አሉ። ሸምበቆ ሲሆን ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚበሳው አንጓው ብቻ ነው። እንጨት ግን በጋለ ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈልፈል አለበት።

ልጄ «ለምን አራት ቀዳዳ ብቻ?» አላቸው።

«ሁሉንም ድፈንና አንድ በል። ከታች ጀምረህ አንድ በአንድ እየከፈትክ ቁጠር» አሉት። ቆጠረ፤ አምስት ሆነ። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው።

አሠራሩንም አስረዱን። ነፊው ዋሽንቱን አጋድሞ ይይዝና ትንፋሹን በላይኛው አፍ ጠርዝ ላይ ይለቀዋል። ያን ጊዜ በውስጡ ያለው አየር ይርገበገባል። ረጅም ዋሽንት ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ቀዳዳ መክፈት ዋሽንቱን እንደማሳጠር ነው። ቀዳዳው ሲሰፋም ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል። የልጄ ቢላ ያደረገው ይህንኑ ነው።

እኔ ተበላሸ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አዛውንቱ ግን ሰም በጣታቸው አሙቀው የተላጠውን ጠርዝ ሞሉት፤ እየነፉ፣ እየቀነሱ፣ እየጨመሩ ድምፁን መለሱት።

«ልጄ፣ አትቆጪው» አሉኝ። «ይህን የሠራው ሰው ቀዳዳዎቹን በራሱ ጣት ለክቶ ነው የበሳቸው። ለትልቅ እጅ የተሠራ ዋሽንት በትንሽ እጅ እንዴት ይሆናል? አሮጌውን ማረም ሳይሆን ለእሱ ሌላ መሥራት ነው።» የልጄን ጣቶች ሸምበቆ ላይ አስቀምጠው ምልክት አደረጉና አጭር ዋሽንት ሠሩለት።

ልጆቻችሁ ዋሽንት ቢያምራቸው በአጭሩ ይጀምሩ። በኃይል አይንፉ፤ ትንፋሽ ሲበዛ ድምፁ ወደ ላይ ይዘላል። ከነፉ በኋላ እርጥበቱን ይጥረጉት። ፀሐይ ላይ ከተተወ ይሰነጠቃል።

ማታ ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። የአባቴ ዋሽንት ወደ ቦታው ተመልሷል። ልጄ አልፎ አልፎ ያወርደውና ጣቱን ይለካበታል። «እማዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» ይለኛል።