ስምንት ፉርጎ በአንድ ጣውላ ላይ

ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ባቡር ሲጫወት ቢታይ ምን ይባላል? «ሥራ ፈት» ይባል ይሆናል። እኛም ነገሩን ሳንቀምሰው በፊት እንደዚሁ እንል ነበር። ዛሬ ግን ፍርዳችንን ለመለወጥ ተገደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ቦታ ለጠበበው ሰው የሚሆን ትንሽ የባቡር ግቢ አሰበ፤ ስሙም ኢንግልኑክ ይባላል። በአንድ ጣውላ ላይ ሦስት ሐዲዶች ይዘረጋሉ። አንደኛው አምስት ፉርጎ፣ የቀሩት ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ሦስቱ በሚገናኙበት ሐዲድ ላይ ግን ከሳቢው ባቡር ጋር ሦስት ፉርጎ ብቻ ይቆማል። ከስምንቱ ፉርጎዎች አምስቱ በዕጣ ይወጡና በዕጣው ተራ መሠረት በረጅሙ ሐዲድ ላይ ይሰለፋሉ። በእጅ ማንሳት ክልክል ነው፤ በባቡሩ መሳብና መግፋት ብቻ! ዕጣው የሚያወጣው አሰላለፍ 6,720 ዓይነት ነውና ጨዋታው አይሰለችም።

ስንቸኩል አንዱ ፉርጎ የሌላውን መንገድ ይዘጋብናል። ጠረጴዛው በመዝገብ የተጨናነቀበት ወጣት ሹም ይህን ሳያውቀው አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ቦታ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው።

ለመልክዓ ምድሩ ድሬዳዋን መረጥን፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናትና። የቀድሞው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል ከ12 ሚሊሜትር ጥቂት ያንሳል። አሸዋ ነፍተን በቀጠነ ኮላ አጣበቅን፤ ግድግዳውን በጀሶ ሠራን፤ ፉርጎዎቹንም እስኪያብረቀርቁ ቀባን። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ መጥተው ብዙ ተመለከቱና፣

«ያምራል ልጄ፤ ግን ይህ ባቡር አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም» አሉን።

እውነት ነበር። ለካስ አሜሪካዊው ጆን አለን ስሙ የገነነው ይህንኑ በማወቁ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ፣ በቤቱ ውስጥ በሠራው የባቡር መስመር ላይ ዕቃውን ሁሉ በአገልግሎት ያረጀ ያስመስለው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞተ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቤቱን እሳት በላው፤ የብዙ ዓመት ልፋቱም አብሮ ጠፋ። ራሱ ያነሣቸው ፎቶግራፎችና ያስተማረው ዘዴ ግን አልተቃጠሉም።

እኛም ብሩሻችንን እንደገና አነሣን። በመንኮራኩሩ አቧራ፣ በሳቢው ባቡር አናት ጥላሸት ጨመርን። የሐዲዱን ጎን የዝገት ቀለም ቀባን፤ አናቱን ግን እንደሚያበራ ተውነው፤ ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ አናቱ አይዝግምና።

ሽማግሌው በሌላ እሑድ ተመልሰው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ። በዚህ ጊዜ ስለ ቀለሙ አንዳች አልተናገሩም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣

«በል፣ ዕጣውን አውጣ» አሉን።