የኋላ እግር ፍሬን

ወጣቱ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው። ዲስኩንና ካሊፐሩን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ጋራዥ ገባ። «ጋሼ፣ ከእንጦጦ ስወርድ አትይዝልኝም። የኋላው ድራም ይውጣና ዲስክ ይግጠሙልኝ» አለ። ሽማግሌው ሜካኒክ ከረጢቱን ሳይፈቱ ኮሮላዋን በክሪክ አነሡና ድራሙን በመዶሻ እየነካኩ አወጡት።

ውስጡ ሁሉን ተናገረ። ሸራው ግሎ ግሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። በግራ በኩል ከሲሊንደሩ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት አርሶታል። ሸራ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱን በራሱ ማጥበብ የነበረበት ማስተካከያ ደግሞ ዝጎ ደርቋል። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ የሚወርደው ሸራው ድራሙ ጋ እስኪደርስ ነው።

ባለሙያው ይህን ብዙ ጊዜ አይተዋል። «ዲስክ ይሁንልኝ» ብሎ የመጣው አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ሸራ፣ ሲሊንደርና በደንብ የሚሠራ ማስተካከያ ሆኖ ይገኛል።

ዲስክን ግን አይንቁም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነበር። ድራም ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል፣ ነፋስም ያገኘዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሹፌር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። 1,200 ኪሎ የምትመዝነውን መኪና ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ ልያዛት ካለ፣ ወደ 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት አራቱ እግሮች ላይ ይጭናል። ከዚያ ውስጥ ብዙውን የሚሸከመው ግን ፊቱ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል በትናንሽ መኪኖች ከሥራው ከ60 እስከ 70 በመቶው እዚያ ይወድቃል፤ የኮሮላዋ ፊት ደግሞ ድሮውንም ዲስክ ነው።

ድራም ዲስክ የሌለው ጸጋ አለው። እየተሽከረከረ አንደኛውን ሸራ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ የሹፌሩን እግር ያግዛል። ዲስክ ይህ እገዛ ስለሌለው ትልቅ ፒስተን ይፈልጋል። በ20 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር ቦታ 35 ሚሊ ሜትር ካሊፐር ሲገባ የፒስተኑ ስፋት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር ግን ያው ስለሆነ ፔዳሉ ይበልጥ ይወርዳል። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ አለ። የሹፌሩን እግር የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ በ2,400 ሜትር ላይ ደግሞ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለስላሳ የነበረ ፔዳል እዚህ በኃይል ሲረገጥ ቶሎ ይጠነክራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራቸው ሚዛኑ ነው። ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭ የተመጠነው ለድራሙ ነው። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ ከታሰረ መኪና በራሷ ላይ ትዞራለች፤ በክረምት፣ እርጥብ ቁልቁለት ላይ፣ መሪ አይታደጋትም።

የእጅ ፍሬንም አለ። ድራሙን ሌላ ቦታ በዲስክ ያስለወጠ አንድ ደንበኛ አንዴ መጥቶ ነበር። የገጠሙለት የፊት እግር ካሊፐር፣ የእጅ ፍሬን ማንሻ የሌለው፤ ገመዱ ከሥር በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ወራት ሙሉ ዳገት ላይ ባቆመ ቁጥር ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ ኖሯል። ልጆች በሚጫወቱበት ሰፈር!

ድራም ጊዜው አልፎበታል ለሚል፣ ዛሬ አዲስ አበባን የሞላውን ኤሌክትሪክ መኪና ማየት ይበቃል። የፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ፍሬን ድራም ነው። ሞተሩ ራሱ የመኪናዋን ፍጥነት እየቀነሰ ባትሪ ስለሚሞላ የኋላው ፍሬን ብዙ አይሠራም፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ይዝጋል፣ የተሸፈነ ድራም ግን ይጠበቃል።

ባለሙያው በመጨረሻ ከረጢቱን ፈቱት። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብበው ለኩ፤ አንደኛው ከዚያ በታች ተበልቷል። የእጅ ፍሬን ገመድም የለም። «ልጄ፣ ይኼን መልሰው። ከጨከንክ ከአንዲት የኋላዋ ዲስክ ከሆነ ኮሮላ ገመዱንም፣ ቫልቩንም፣ ማስተር ሲሊንደሩንም አንድ ላይ አምጣ፤ ያኔ እሠራልሃለሁ» አሉት።

አዲስ ሸራና ሲሊንደር ገባ፣ ማስተካከያው ጸድቶ ተቀባ፣ አየሩ ወጣ። ፔዳሉ አሁን ከላይ ይይዛል። ከዚያ ሰው የማይኖርበት ጠጠር ሜዳ ወሰዷት፤ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን በኃይል ረገጡ። ወጣቱ ወርዶ አጎነበሰ። ጠጠሩን ቀድመው ያረሱት የፊት ጎማዎች ነበሩ።