የነርስነት ፈተናና የልብ እርጋታ

በአሜሪካ አገር በነርስነት ለመሥራት የሚሻ ሁሉ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው፤ ወደዚያ የተሰደዱ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ በር አልፈው በሙያው ተሰማርተዋል።

ፈተናው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሲሆን፥ ተፈታኙ በትክክል በመለሰ መጠን የሚከተለው ጥያቄ ይከብዳል፤ በሳተ መጠን ይቀላል። እንግዲህ ጥያቄው የከበደበት ሰው «ወደቅሁ» ብሎ ሊሸበር አይገባውም፤ መልካም ለሚመልሰውም ይከብዳልና። ለተመዘገቡ ነርሶች የሚቀርበው ጥያቄ ከ85 አያንስም፥ ከ150 አይበልጥም፤ ጊዜውም 5 ሰዓት ነው። በ85 መቆሙም ሆነ እስከ 150 መዝለቁ ብቻውን የማለፍ ወይም የመውደቅ ምልክት አይደለም።

ዝግጅቱ በመሸምደድ ብቻ አይፈጸምም። ከአራት ሕሙማን ማንኛው አስቀድሞ ይታይ ተብሎ ሲጠየቅ ትንፋሽ ያጠረውን ለይቶ ማወቅ የሚገኘው፥ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ጥያቄ በመሥራትና የስሕተቱን ምክንያት በመመርመር ነው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ። በዋዜማው ግን መጽሐፉን አጥፎ ማረፍ ይበጃል። የወደቀም ቢኖር ቢያንስ ከ45 ቀን በኋላ እንደ ገና ሊፈተን ይችላልና ተስፋ አይቍረጥ።

የተጨነቀ ሕመምተኛ የሚሻው ልቡ የረጋ አስታማሚ ነው፤ ስለዚህ እርጋታን ከወዲሁ መልመድ ከፈተናው ይልቅ ለሥራው ይጠቅማል።