ለኤሌክትሮማግኔት መሥሪያ የሚሆን ሽቦ አመራረጥ

የኤሌክትሪክ ፍሰት ማግኔት እንደሚፈጥር ለተማሪዎች ለማሳየት ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ብሎንና የባትሪ ድንጋይ በቀላሉ ይገኛሉ። የሚያስቸግረው ሽቦው ነው። በቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ስንከታተል ያጋጠመን ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እጩ መምህሩ ብሎኑን በጥንቃቄ ጠምጥሞ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ቢያገናኘውም አንዲት ስፒል እንኳ ማንሣት አልቻለም። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ «ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። ስሕተቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የሽቦው ነበር፤ እጩ መምህሩ የተጠቀመበት ለግንባታ ብረት ማሰሪያ የሚያገለግለውን ጥቁር ሽቦ ነበርና።

ይህ ሽቦ ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ሽፋን ስለሌለው ፍሰቱ ብሎኑን እየዞረ በመሄድ ፈንታ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው በአቋራጭ ያልፋል። ሁለተኛ፣ የብረት ሬዚስታንስ ከመዳብ ስድስት እጥፍ ያህል ይበልጣል። የሽፋንን አስፈላጊነት የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎችም ተገንዝበውት ነበር። ኧርስትድ የኤሌክትሪክ ፍሰት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ እ.ኤ.አ. በ1820 ካስታወቀ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን በ1825 ቫርኒሽ በተቀባ ብረት ላይ እርቃኑን ሽቦ አራርቆ ጠመጠመ። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ግን ሽቦውን ራሱን በሐር በመሸፈኑ ዙሮቹን አጠጋግቶና ደራርቦ ለመጠምጠም ቻለ፤ በዚህም እጅግ ብርቱ ማግኔት አገኘ። ዛሬ የሐሩን ቦታ የያዘው ስስ የቫርኒሽ ቅብ ነው።

ስለዚህ ተመራጩ ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ነው። የአሉሚኒየም ሽቦ ዋጋው ረከስ ቢልም ፍሰት የማስተላለፍ ችሎታው የመዳብን 60 በመቶ ያህል ነው፤ ደጋግመው ሲያጥፉት ይሰበራል፤ በእርሳስ ለመበየድም ያስቸግራል። አንዳንዱ ሽቦ ላዩ መዳብ ቢመስልም ውስጡ አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ገዢው ጫፉን ቆርጦ መካከሉ ቀይ ወይም ነጭ መሆኑን ማየት ይገባዋል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ የወጣ የሬዚስታንስ ሽቦ ደግሞ ለሙቀት እንጂ ለማግኔት የተሠራ አይደለም፤ ሬዚስታንሱ ከመዳብ ከ60 እጥፍ በላይ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው የውፍረት ጉዳይ ነው። 10 ሜትር ሽቦ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎን ላይ ሲጠመጠም 300 ያህል ዙር ይወጣዋል። ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.9 ኦም ገደማ ነው፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.4 ኦም ይደርሳል። በአንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ የመጀመሪያው 1.7፣ ሁለተኛው 0.6 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ወፍራሙ የበለጠ ኃይል ቢሰጥም ድንጋዩን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጥቅሉንም ያግላል። ቀጭኑ ስፒልና ትናንሽ ምስማር ለማንሣት ይበቃል። የዙሩን ቁጥር ማብዛት ብቻውን ኃይል ይጨምራል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ሽቦው ሲረዝም ፍሰቱ በዚያው መጠን ይቀንሳልና። የረዘመው ሽቦ ዋና ጥቅም ድንጋዩን መቆጠቡ ነው።

ይህ ሽቦ የሚሸጠው በክብደት በመሆኑ ቀጭኑ ለትምህርት ቤት አቅም ይስማማል። ከ1 ኪሎ ግራም ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 550 ሜትር ያህል ሲገኝ፣ ከባለ 0.3 ግን ወደ 1500 ሜትር ይገኛል። የመጀመሪያው ለ55፣ ሁለተኛው ለ150 የተማሪዎች ቡድን ይበቃል ማለት ነው።

እንደ ቃሊቲ ፋብሪካና ጋራዥ በበዛበት አካባቢ የሚያስተምር መምህር ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። ከአዲስ ጥቅል የተረፉ ቁርጥራጮች ለእነርሱ ቢያጥሩም ለእኛ ይበቃሉ። ከተቃጠለው ሞተር የወጣው ሽቦ ግን ቅቡ ጠቁሮ የሚላላጥ ከሆነ መተው አለበት። የስልክ ገመድ ቁራጭም ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ምንጩ ያልታወቀ የስልክ ወይም የመብራት ገመድ መግዛት የሕዝብን መስመር ለሚቆርጥ ሌባ ገበያ መክፈት ስለሆነ ከመምህር አይጠበቅም።

እጩ መምህሩ በማግስቱ ከሞተር ጠምጣሚ ባገኘው ሽቦ ሙከራውን ደገመው። አሁንም አልሠራም፤ የሽቦው ሁለት ጫፎች ከነቅባቸው ነበሩና። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ቀዩን መዳብ ያወጣችው፣ ስፒሎቹንም የቆጠረችው ያችው ጠያቂ ተማሪ ነበረች። ቅቡን በእሳት ማቃጠል ግን ጭሱ ጎጂ ስለሆነ አይፈቀድ። ጥቅሉም ከባትሪ ድንጋይ በቀር ከግድግዳ መብራት ጋር ከቶ መገናኘት የለበትም።

በየትምህርት ቤቱ ያሉ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ተባብረው አንድ ኪሎ ግራም ሽቦ ቢገዙና ቢከፋፈሉ ወጪው ቀላል ይሆናል። ሙከራው የከሸፈበት ተማሪ ወይ መጽሐፉን ይጠራጠራል፣ ወይ ሳያምንበት ይሸመድዳል። ሁለቱም የሳይንስ ትምህርት ዓላማ አይደሉም።