በጨለማ የሚነበብ ፊደል፦ ባለመብራት ኪቦርድ ሲገዛ ምን መታየት አለበት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በላፕቶፓችን ላይ ቡና ፈስሶ የቁልፎቹ እኩሌታ ሥራ በማቆማቸው፣ በዩኤስቢ ገመድ የሚገናኝ ኪቦርድ ለመግዛት ወደ መርካቶ ወርደን ነበር። ባለሱቁ ከሥሩ መብራት ያለውን አንዱን አውጥቶ ሰካው። በቀን እንኳ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አማረን፤ ዋጋውም ከተራው ኪቦርድ እምብዛም የማይርቅ ስለነበር ሳንከራከር ከፈልን። ማታ የቤቱን መብራት አጥፍተን ልንሠራበት ስንቀመጥ ግን ያልጠበቅነው ነገር ታየን። ብርሃኑ በቁልፎቹ መካከል ባሉት ክፍተቶች ይፈሳል፤ ቁልፎቹ ራሳቸው ግን ድፍን ጥቁር ናቸው። የትኛው ቁልፍ የትኛው ፊደል እንደሆነ ለማየት የእጅ ስልካችንን መብራት ማብራት ግድ ሆነብን።

እንዲህ ያለው ግዢ ደመወዝተኛን ቢያስቅ፣ ከወር ቀለቡ ቆጥቦ የገዛን ተማሪ ግን ያሳዝናል። ባለመብራት ኪቦርድ የሚያስፈልገውም ብዙ ጊዜ ለእርሱ ነው፦ የመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ተኝተው፣ መብራት ጠፍቶ፣ የጥናት ጽሑፉ ነገ የሚረከብበት ሌሊት ለሚያጋጥመው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ብርሃኑ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደ ዓይናችን እንደሚደርስ እንመለከታለን። መንገዱን ያወቀ ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሊመረምር ይችላልና።

ከምንጩ እንነሣ። ከቁልፎቹ ሥር ያለው መብራት ኤልኢዲ ይባላል። ኤልኢዲ እንደ አሮጌው አምፖል ሽቦ አግሎ አያበራም። በውስጡ ኤሌክትሮን የተረፈው አንድ ወገንና ኤሌክትሮን የጎደለው ሌላ ወገን ያላቸው የሴሚኮንዳክተር ንብርብሮች ተጋጥመዋል። ኤሌክትሪክ ሲተላለፍ ኤሌክትሮኖቹ መጋጠሚያውን ተሻግረው ወደ ጎደለው ቦታ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁም የሚያጡትን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቃሉ። የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የመውደቂያው ከፍታ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ 1240ን በናኖሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት ስናካፍል የብርሃኑን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። ለቀይ፣ 1240 ሲካፈል ለ620 ውጤቱ 2 ይሆናል። ለሰማያዊ፣ 1240 ሲካፈል ለ465 ወደ 2.7 ይጠጋል። ቀዩ ኤልኢዲ በ2 ቮልት ገደማ ሲበራ ሰማያዊው ወደ 3 ቮልት የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህች ትንሽ የቁጥር ልዩነት የሠላሳ ዓመት ድካም ጠይቃለች። ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 እ.ኤ.አ. በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠርቶ ነበር። ለሰማያዊው የተመረጠው ጋሊየም ናይትራይድ ግን ንጹሕ ክሪስታል ሆኖ ለማደግ፣ ይልቁንም ኤሌክትሮን የጎደለው ወገን እንዲኖረው ለማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ ይህን ሁለተኛውን ችግር በ1989 እ.ኤ.አ. ፈቱት። ሹጂ ናካሙራ ደግሞ በኒቺያ ኩባንያ ሠርቶ በ1993 እ.ኤ.አ. ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ለዓለም አሳየ። ሦስቱም በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ነጩ ኤልኢዲ እንኳ በአብዛኛው ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ፎስፈር የተቀባ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነው። እንግዲህ በርካሹ ኪቦርድ ሥር የሚበራው ነጭ ወይም ሰማያዊ መብራት የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነውና፣ ምንጩን የሚነቅፍ ምክንያት የለንም። ጉድለቱ ከምንጩ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው።

በውድ ኪቦርዶች ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሰጥ የየራሱ ኤልኢዲ ይቀመጣል፤ ሦስቱን በተለያየ መጠን በማደባለቅም የተፈለገው ቀለም ይገኛል። በብዙዎቹ ርካሾች ግን ኤልኢዲዎቹ ጥቂት ናቸው። ብርሃናቸው በቁልፎቹ ሥር በተዘረጋ ጥርት ያለ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ ይጓዛል፤ ቀለሙም በየክፍሉ የተወሰነ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ የሚሆነው በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ነው። ፕላስቲኩ 1.49 የስብረት መጠን ያለው አክሪሊክ ቢሆን፣ ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር አንጻር ከ42 ዲግሪ በሚበልጥ ማዕዘን የሚመታው ብርሃን ሊወጣ ስለማይችል እየነጠረ ወደፊት ይሄዳል። ብርሃኑ እንዲወጣ በሚፈለግበት ሥፍራ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታተማሉ ወይም ይፈገፈጋሉ። ነጠብጣቦቹ በጥንቃቄ ካልተመጠኑ ለኤልኢዲው የቀረቡት ቁልፎች ይደምቃሉ፤ የራቁትም ይደበዝዛሉ። በሱቅ ውስጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻውን ረድፍ አስተያይቶ ይህን ማየት ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን ጣታችን የሚያርፍበት የቁልፉ ክዳን ነው። እኛን ያታለለን ክዳን ከጥቁር ፕላስቲክ ተሠርቶ ፊደሉ በነጭ ቀለም ከላዩ የታተመበት ነበር። በቀን ከሌሎቹ አይለይም፤ ምክንያቱም በቀን ፊደሉን የምናየው ከላይ ወርዶ በሚንጸባረቅ ብርሃን ነው። በጨለማ ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከሥር ስለሆነ ክዳኑ ብርሃን ማሳለፍ ይኖርበታል። ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ወተት መሰል ፕላስቲክን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ፊደሉን በሌዘር መፋቅ ነው። ይህ ርካሽና ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ ከጊዜ ብዛት ስለሚላጥ፣ አዘውትረን የምንነካቸው ፊደላት ቀስ በቀስ ቅርጻቸውን አጥተው የብርሃን ነቁጥ ይሆናሉ። ሁለተኛው ፊደሉ ራሱ ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ከጥቁር ፕላስቲክ ሆኖ በአንድነት የሚቀረጽበት አሠራር ነው። በዚህኛው ፊደሉ የክዳኑ አካል ስለሆነ አይጠፋም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኪቦርዱ ተሰክቶ ሳለ ኮታችንን ወይም ነጠላችንን ከራሳችን ጋር አልብሰን ከሥሩ እናያለን። ባለሱቁ ቢስቅም ግድ የለም። ፊደሎቹ ራሳቸው ካበሩ መልካም፤ ጠርዞቹ ብቻ ካበሩ ግን የምንከፍለው ለጌጥ ነው። የቁጥሮቹንም ረድፍ ማየት አይዘንጋ። በአንዳንዶቹ ላይ የቁጥሩ ምልክት በርቶ፣ ከሺፍት ጋር የሚጻፈው የላይኛው ምልክት ሳይበራ ይቀራል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በድምፅ ላይ በተመሠረተው አጻጻፍ «ሉ»ን ለመጻፍ የኤልንና የዩን ቁልፎች አከታትለን እንነካለን፤ ስለዚህ የላቲኑን ፊደል ማየት ይበቃል። አንዳንዶች ግን ፊደላችን የታተመበትን ተለጣፊ ወረቀት በቁልፎቹ ላይ ይለጥፋሉ። ተለጣፊው ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ የከፈልንበትን መብራት በገዛ እጃችን ደፈንነው ማለት ነው። ጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ የታተመውን መምረጥ፣ ከመለጠፋችንም በፊት በስልክ መብራት ፊት ይዘን ማየት ይገባል።

ስለ ኤሌክትሪክ ፍጆታው ብዙ ተማሪዎች ይጠይቁናል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ማገናኛ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። በአንድ ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊአምፔር የሚወስዱ 10 ኤልኢዲዎች አሉ እንበል። በድምሩ 100 ሚሊአምፔር፣ ማለትም ግማሽ ዋት ይሆናል። (ለሰማያዊው ኤልኢዲ የሚያስፈልገው ሬዚስተር 200 ኦም፣ ለቀዩ 300 ኦም መሆኑን አንባቢ በኦም ሕግ ያረጋግጥ።) ባትሪው 40 ዋት-ሰዓት የሚይዝና 10 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ መብራት በጠፋበት ሌሊት 4 ሰዓት ይሠራል። ግማሽ ዋት ስንጨምርበት ጊዜው በ11 ደቂቃ ያህል ያጥራል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር መብራት ያለው፣ ሁሉንም ቀለም አብርቶ 300 ሚሊአምፔር የሚወስድ ቢሆን ግን ግማሽ ሰዓት እናጣለን። የጥናት ጽሑፍ መደምደሚያ ለሚጽፍ ሰው ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው። ስለዚህ መብራቱን የሚያጠፋና የሚያደበዝዝ ቁልፍ የሌለውን ኪቦርድ አንመክርም።

ማደብዘዝ ለዓይንም ይጠቅማል። በጨለማ የሚያዩልን የሬቲና ሕዋሳት ለ500 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ብርሃን ግን እጅግ ደካማ ናቸው። ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚወስድባቸው፣ ቀለም መምረጥ ከተቻለ ደብዘዝ ያለ ቀይ የተሻለ ነው። ሰማያዊው ደግሞ ለሰውነታችን «ገና ቀን ነው» የሚል ምልክት ከሚሰጠው የሞገድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። እውነቱን ለመናገር ግን ፊት ለፊታችን ያለው ስክሪን ከኪቦርዱ የበለጠ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካል፤ እርሱን ሳያደበዝዙ ስለ ኪቦርዱ ቀለም መጨነቅ ትርፉ ጥቂት ነው።

ከመብራቱ ውጭ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። 104 ቁልፎች ላለው ኪቦርድ 104 የየግል ሽቦ አይዘረጋም። ለምሳሌ 8 አግድምና 18 ቋሚ መስመሮች ቢሻገሩ 144 መገናኛዎች በ26 መስመሮች ብቻ ይገኛሉ። ሥልቱ ብልህ ነው፤ ይሁንና የአራት ማዕዘን ሦስት ጫፎች ላይ ያሉ ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ኤሌክትሪኩ ዞሮ አራተኛውም የተጫነ ያስመስለዋል። ርካሽ ኪቦርዶች ከዚህ ስሕተት ለመዳን ሦስተኛውን ቁልፍ ጭራሹን አይቀበሉም። ለጽሕፈት ይህ ችግር አይሆንም፤ ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚገዛ ግን ሱቅ ውስጥ ሦስት ሦስት ቁልፎችን አብሮ እየተጫነ ይሞክር።

ያንን ጥቁር ኪቦርድ አልመለስነውም። ለሁለት ወራት በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች በጠቋሚ ጣቶቻችን እየዳሰስን በጨለማ ጻፍንበት። በኋላም ብሎኖቹን ፈትተን ጥርት ያለውን ፕላስቲክ አወጣን። ዛሬ በብርሃን ትምህርት የላቦራቶሪ ሰዓት ከጠርዙ በኩል ቀይ ሌዘር እንሰድበታለን፤ ተማሪዎቹም ብርሃኑ ሳይታይ ተጉዞ በነጠብጣቦቹ ላይ ብቻ ብቅ ሲል ይመለከታሉ።