የአውራ ጣት ሥር ሲበላ፦ አጥንት አውጥቶ የሚያክም ቀዶ ጥገና

እስቲ አውራ ጣታችሁን አንቀሳቅሱት። ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል፣ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ክብ ሠርቶ ይዞራል። ሌሎቹ ጣቶች እንዲህ አይችሉም። ምስጢሩ ያለው ከጣቱ ሥር፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ነው። እዚያ ትራፒዝየም የምትባል ትንሽ አጥንት አለች፤ ላይዋ እንደ ፈረስ ኮርቻ ጎድጎድ ያለ ነው። የአውራ ጣት የመጀመሪያው ረጅም አጥንት እንደ ፈረሰኛ እላይዋ ላይ ተቀምጧል። ፈረሰኛ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ማዘንበል ይችላል አይደል? ነገሩ እሱ ነው።

ግን ኮርቻ ጥልቅ አይደለም። እንደ ዳሌ መገጣጠሚያ አንዱ አጥንት ሌላውን አቅፎ አይዘውም፤ የሚይዟቸው ጅማቶች ናቸው። ጭነቱ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ነው። ኩኒ እና ቻዎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳሰሉት፣ በጣታችሁ ጫፍ በ1 ኪሎ ኃይል አንድ ነገር ስትቆነጥጡ የጣቱ ሥር ወደ 12 ኪሎ ይሸከማል። አጥብቃችሁ ስትጨብጡ እስከ 120 ኪሎ ሊደርስ ይችላል! ምክንያቱ ቀላል ሜካኒክስ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ክርናችሁ ላይ አንጠልጥሉ፤ ምንም አይደል። እጃችሁን ዘርግታችሁ በጣታችሁ ስትይዙት ግን ትከሻችሁ ይጮኻል። ርቀቱ ሲረዝም፣ ሥሩ አጠገብ ያለው ጡንቻ ብዙ እጥፍ መሳብ አለበት፤ ያ ጉተታ ሁሉ መገጣጠሚያውን ይጨምቀዋል።

በእድሜ ብዛት፣ በተለይ ወር አበባቸው ባቆመ ሴቶች ላይ፣ አጥንቶቹን የሚሸፍነው ለስላሳ ካርቲሌጅ እየተበላ ያልቃል። ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው ይህ ነው። ቁልፍ ማዞር፣ የጀሪካን ክዳን መክፈት፣ ልብስ መጭመቅ፣ እንጀራ መቁረስ ሁሉ ያማል።

ቀጥሎ የጣቱ ቅርጽ ይበላሻል። ጅማቶቹ ሲላሉ ፈረሰኛው ከኮርቻው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ከጣቱ ሥር እብጠት የመሰለ ጉብታ ይታያል። የአጥንቱ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ወደ መዳፍ ይወድቃል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ክፍተት ስለሚጠብ ትልቅ ብርጭቆ መያዝ ያስቸግራል። ሰውየው ግን ብርጭቆውን መያዝ አለበት! ስለዚህ መካከለኛው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ እየታጠፈ ክፍተቱን ያካክሳል፣ ጫፉ ደግሞ ወደ ፊት ይጎብጣል። ከጎን ሲታይ ጣቱ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ እንደሚሳለው መብረቅ ዚግዛግ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚሞከረው ድጋፍ ማሰር፣ የእጅ እንቅስቃሴ ሕክምና፣ ማስታገሻና መርፌ ነው። እነዚህ ካልበቁ ቀዶ ጥገና ይመጣል። በጣም የታወቀው ዘዴ ደግሞ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስደነግጣል፦ ትራፒዝየሟን ጭራሽ አውጥቶ መጣል! ጀርቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በ1949 ጽፎታል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚፋተጉ ሁለት አጥንቶች ከሌሉ ፍትጊያ የለም። የተረፈው ቦታ በደም፣ ቆይቶም በጠባሳ ሥጋ ይሞላል።

እንደ እኔ ያለ ኢንጂነር ግን ወዲያው ይጠይቃል፤ ምሰሶው ተነቅሎ ጣራው አይወርድም? ሐኪሞችም ይህንኑ ፈርተው ነበር። ስዋንሰን የሲሊኮን ምትክ አጥንት ሠራ፤ ሲሊኮኑ ግን እየተፋቀ ፍርፋሪው አጥንት አስቆጣ። በ1986 በርተን እና ፔሌግሪኒ ከታካሚው ክንድ ጅማት ወስደው፣ በከፊሉ ጣቱን አስረው፣ የቀረውን ጠቅልለው ባዶው ቦታ ውስጥ የሚከቱበትን ዘዴ አሳተሙ። በጣም የሚያምር ዲዛይን ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም ተከተሉት።

ከዚያ በ2004 የእንግሊዝ ሐኪሞች 183 አውራ ጣቶችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፍለው ያደረጉት ጥናት ወጣ፦ አጥንቷን ማውጣት ብቻ፣ ማውጣትና ጅማት መጠቅጠቅ፣ ማውጣትና በጅማት ማሰር። ከዓመት በኋላ በሕመምም በጉልበትም ልዩነት አልተገኘም። ቀላሉ ከውስብስቡ እኩል ወጣ። እውነቱን ለመናገር እኔ ውስብስቡ ያሸንፋል ብዬ እገምት ነበር።

ነገር ግን ዚግዛጉን ካልነኩት ቀላሉም ውስብስቡም ሊከሽፍ ይችላል። መካከለኛው መገጣጠሚያ ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ፣ በቆነጠጡ ቁጥር የጣቱን ሥር መልሶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በዚያው ቀን የመገጣጠሚያውን የፊት ሽፋን ያጠብቃል፣ ወይም ሁለቱን አጥንቶች በብሎን ወይም በሽቦ አጋጥሞ አንድ ያደርጋቸዋል። መካከለኛው ከዚያ በኋላ አይታጠፍም፤ ሥሩና ጫፉ ስለሚንቀሳቀሱ ግን እጁ ይሠራል።

ከባድ የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ወጣት አንዳንዴ ተቃራኒው ይመረጣል፤ ሥሩ ራሱ አንድ ይደረጋል። ጉልበት ይቀራል፣ መዳፍን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማስተኛት ግን ይከብዳል። በአውሮፓ ደግሞ ኳስና ጎድጓዳ ያለው የብረት መገጣጠሚያ እየተለመደ ነው። ቶሎ ያድናል፤ ሊላላ ወይም ሊወልቅ መቻሉ ነው ጣጣው።

አጥንቷ የወጣችለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እጁ በጄሶ ወይም በድጋፍ ይታሰራል። ጣቱ ትንሽ ያጥራል። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ የመቆንጠጥ ጉልበት ግን ቀስ እያለ፣ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ነው የሚመለሰው።